ለአዲስ ደራሲ ዋሱ ማን ነው?

ድርሰት በአንድ ሰው ብቸኝነት ውስጥ ይጸነሳል፤ የሚወለደው ግን በብዙ ሰው መካከል ነው። ደራሲው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጽፎ ብዕሩን ባኖረባት ሌሊትና አንባቢው የመጀመሪያዋን ገጽ በገለጠባት ዕለት መካከል ያለው ርቀት፣ አንዳንድ ጊዜ ድርሰቱን ለመጻፍ ከፈጀው ዘመን ይበልጣል። በዚህ ርቀት ላይ አርታዒ፣ አሳታሚ፣ ማተሚያ ቤት፣ አከፋፋይና አዟሪ በየተራ ይቆማሉ። በሌላው ዓለም ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚቆም አንድ ሰው አለ፤ የደራሲ ወኪል ይባላል። በእኛ አገር ይህ ሙያ ሥር አልሰደደም። ስሙን የሰሙትም ቢሆኑ ከደላላ ለይተው አያዩትም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚከተለው ነው። የመጀመሪያ ልቦለዱን የጻፈ ሰው በሥራውና በአንባቢው መካከል ሦስተኛ ሰው ማስገባቱ ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ፣ ያ ሦስተኛ ሰው ምን ዐይነት ሰው ሊሆን ይገባል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የንግድ ጥያቄ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን በውስጡ የእውነትና የአደራ፣ የእኩልነትና የክብር ጉዳይ ስላለበት የሞራል ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

ጥያቄውን በአየር ላይ እንዳናንጠለጥለው ወደ አንድ ተጨባጭ ቦታ እናውርደው። ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ከተማ ናት። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። እንበልና ከዚህች ከተማ ወጣ ብሎ በአረካ ወይም በቦዲቲ የሚያስተምር አንድ መምህር፣ ከደብተር እርማት በተረፈው ሌሊት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ 300 ገጽ ልቦለድ ጻፈ። ታሪኩ ከእንሰት ጓሮ ይነሣል፤ የመሬት ጥበት ያሰደደውን ወንድም ተከትሎ ወደ ከተማ ይወጣል፤ በጊፋታ በዓል ወደ ቀዬው ይመለሳል። መምህሩ ረቂቁን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። የማንን በር ያንኳኳ?

በሶዶ የትምህርት መሣሪያና የመማሪያ መጽሐፍ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ፤ ረቂቅ ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ «ይህን እኔ አሳትመዋለሁ» የሚል አሳታሚ ግን ለማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ መምህሩ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚያ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ጻፍክ?» የሚል አይደለም፤ «ማን ላከህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «ማሳተሚያውን ይዘሃል?» ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የትውውቅ፣ ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለ ሥራው ራሱ የሚጠይቅ ሰው እስኪገኝ ድረስ ብዙ ቀን ያልፋል፤ አንዳንዴም ሳይገኝ ይቀራል።

ይህ ሁኔታ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ታሪክ አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ተብሎ የሚቆጠረውን ሥራቸውን በ1900 ዓ.ም. ያሳተሙት በሮማ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መጽሐፍ በአገር ውስጥ መታተሙ እየተስፋፋ ሄደ፤ ነገር ግን በደራሲውና በማተሚያው መኪና መካከል የቆመው ባለሥልጣን ነበር። ለረጅም ዘመን መጽሐፍ የሚወጣው በሳንሱር ፈቃድ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ እየተቀበለ፣ እያስገመገመ በማሳተም ለብዙ ደራስያን መንገድ ከፈተ፤ ሆኖም ሳንሱሩ በቦታው ነበር። በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራ ቀረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ከልካዩ ሲነሣ አሳላፊውም አብሮ ተነሣ። ዛሬ አብዛኛው አዲስ ደራሲ ጽፎ፣ አስተይቦ፣ ገንዘብ ተበድሮ፣ ከማተሚያ ቤት ጋር ተዋውሎ፣ መጽሐፉን በካርቶን ተሸክሞ፣ ለአከፋፋይ ከዋጋው ጉልህ ድርሻ ለቆ የሚሸጥ የራሱ አሳታሚና የራሱ ነጋዴ ሆኗል። ከአልጋው ሥር የመጽሐፍ ካርቶን ደርድሮ የሚተኛ ደራሲ በየከተማው አለ። ነጻነቱን አግኝቷል፤ ግን ብቻውን ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ብቸኝነት ለመሙላት የተፈጠረው ሙያ ዕድሜው ወደ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በሎንዶን አሌክሳንደር ፖሎክ ዋት የተባለ ስኮትላንዳዊ የደራሲ ወዳጁን ሥራ ለአሳታሚዎች በማቅረብ ጀመረና፣ ከደራሲው ገቢ ከመቶ አሥር እየወሰደ ለሌሎችም መሥራት ቀጠለ። ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ ልማዱ ከመቶ አሥራ አምስት ደርሷል፤ ወደ ውጭ ቋንቋ ለሚሸጥ መብት ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሃያ ነው። አዲሱ ደራሲ ለወኪሉ የሚልከው አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የታሪኩን አጽመ ነገርና የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ነው። ወኪሉ ከተቀበለው ረቂቁን አንብቦ እንዲታረም ይመክራል፤ ለየትኛው አሳታሚ እንደሚስማማ ለይቶ ያቀርባል፤ ውሉን ይመረምራል፤ ሒሳቡን ይከታተላል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ደንብ አለ። በሙያው ሥነ ምግባር የሚሠራ ወኪል ለማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም። ደራሲው ካላገኘ እርሱም አያገኝም። ገንዘቡ ከአሳታሚ ወደ ደራሲ ይፈሳል እንጂ ከደራሲ ወደ ላይ አይወጣም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። «ጥሩ ሥራ አማላጅ አይሻም፤ ራሱ ይናገራል» የሚል ነው። ይህ አስተያየት ክብር ያለው ይመስላል፤ ለደራሲው ኩራት ይስማማል። ነገር ግን እውነት ነውን?

የቺኑዋ አቼቤን የመጀመሪያ ልቦለድ ታሪክ እንመልከት። አቼቤ በእጁ የጻፈውን፣ ሌላ ግልባጭ የሌለውን ረቂቅ ከናይጄሪያ ወደ ሎንዶን ለአንድ የታይፕ ድርጅት ላከ፤ 22 ፓውንድም ከፈለ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ወር አልፎ ወር ተተካ፤ መልስ የለም። በመጨረሻ በራዲዮ መሥሪያ ቤት አለቃው የነበረችው አንጄላ ቢቲ ወደ ሎንዶን ስትሄድ ወደ ድርጅቱ ገብታ በቁጣ ጠየቀችለት፤ ያን ጊዜ ታይፕ ተደርጎ ተላከ። ቀጥሎ የቢ.ቢ.ሲ. ሰው የነበረው ጊልበርት ፌልፕስ ወደ አንድ ወኪል መራው። ወኪሉ ካቀረበላቸው አሳታሚዎች አንዳንዶቹ የአፍሪካ ልቦለድ ገበያ የለውም ብለው መለሱት። ሃይነማን የተባለው ድርጅትም አመንትቶ ነበር፤ ዶናልድ ማክሬ የተባለ አማካሪ አንብቦ አጥብቆ ስለ መሰከረለት እ.ኤ.አ. በ1958 በ2000 ቅጂ ታተመ። የሚያስገርመው የድርጅቱ መሥራች ዊልያም ሃይነማን በዘመኑ የደራሲ ወኪሎችን አጥብቆ ይቃወም የነበረ ሰው መሆኑ ነው። እርሱ ያቋቋመው ቤት በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ስሙ የገነነበትን መጽሐፍ ያገኘው ግን በወኪል እጅ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። ያ ልቦለድ በታይፕ ድርጅቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ በሚጠጣበት ጊዜም ያው ልቦለድ ነበር፤ አንዲት ቃል አልጎደለችበትም። ይሁን እንጂ አልተናገረም። እንዲናገር አንዲት ሴት መቆጣት፣ አንድ ሰው መምከር፣ አንድ ሰው መመስከር ነበረባቸው። ሥራ ራሱ የሚናገረው ከተነበበ በኋላ ነው። እስኪነበብ ድረስ ግን ዲዳ ነው፤ ለዲዳ ሥራ ደግሞ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ጥሩ ሥራ ራሱ ይናገራል» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በር ቀድሞ ከተከፈተላቸው ሰዎች አፍ ነው።

ሦስተኛ ሰው የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ምን ዐይነት የሚለው ይሆናል። የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ሦስት ስሞች አሉት፤ ሦስቱም የተለያየ ሥነ ምግባር ይገልጻሉ። የመጀመሪያው ደላላ ነው። ደላላ በከብት ገበያ በሻጭና በገዥ መካከል ገብቶ ያስማማል፤ በሬው ነገ ቢታመም አይጠየቅም። ሥራው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፍላጎቱ ያለው በመሸጡ ላይ እንጂ በበሬው ላይ አይደለም። ሁለተኛው አማላጅ ነው። አማላጅ የሚቆመው በጋብቻና በዕርቅ ነው፤ የሚሰጠው ክብሩን ነው፤ የሚለምነው ምሕረትን ወይም ፈቃድን ነው። አማላጅ ቅን ሰው ነው፤ ሆኖም አማላጅ ባለበት ሁሉ የበላይና የበታች አለ። ደራሲ በአማላጅ ሲሄድ መጽሐፉ ውለታ ይሆናል። ውለታ ደግሞ ብድር ነው፤ አንድ ቀን ይጠየቃል።

ሦስተኛው ዋስ ነው። ዋስ በአባቶቻችን የሙግት ሥርዓት ውስጥ ታላቅ ስፍራ ነበረው። «ዋስ ጥራ» የተባለ ሰው ዋስ ካጣ ይታሰራል፤ ዋስ ካገኘ ይለቀቃል፤ ቢጠፋ ዋሱ ይያዛል። ዋስ ስለ ሌላው ሰው የሚናገረው በአፉ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን፣ ስሙንና ሰውነቱን አሲዞ ነው። ይህንን ሰው አውቀዋለሁ፤ ቢያጎድል በእኔ ይሁን ይላል። እነሆ የሦስቱ ልዩነት በዚህ ይለያል። ደላላ ከሥራው ይወስዳል፤ አማላጅ ለሥራው ይለምናል፤ ዋስ ለሥራው ራሱን ያስይዛል። እውነተኛ የደራሲ ወኪል፣ ወይም እርሱ በሌለበት አገር እርሱን የሚተካ ሰው፣ ከዋስ የተለየ ሊሆን አይገባም። ሳይከፈለው ያነበባቸው ሌሊቶች፣ «ይህን እመኑኝ» ብሎ በአሳታሚ ፊት ያስያዘው ስሙ የዋስትናው መያዣ ናቸው። አስቀድሞ ገንዘብ ተቀብሎ «አሳትምልሃለሁ» የሚለው ግን ምንም አላስያዘም፤ ይልቁንም መያዣ የወሰደው ከደራሲው ነው። ከፍሬው የሚካፈል ሰውና ከረሃቡ የሚካፈል ሰው አንድ አይደሉም።

አሁን ሁለተኛውና ከበድ ያለው ተቃውሞ ይመጣል። ሦስተኛው ሰው ሥራውን ያበላሸዋል ይላል። ደራሲው ለሕዝቡ መጻፉ ቀርቶ ለወኪሉ ጣዕም ይጽፋል፤ ወኪሉ ለአሳታሚው፣ አሳታሚው ለገበያው ያስባል፤ በመጨረሻ የወላይታ ቀዬ በአዲስ አበባ አንባቢ ግምት፣ ወይም የኢትዮጵያ ሕይወት በሎንዶን አንባቢ ግምት ተቆርጦ ይሰፋል። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም፤ ምክንያቱም እውነትነት አለው።

ለዚህ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ጥሩ ምሳሌ ነው። የጉራጌን የገጠር ሕይወት የሚተርከውን የመጀመሪያ ሥራውን የጻፈው በእናቱ ቋንቋ፣ በቸሃ ነበር። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። እዚህ ላይ ዋስ የሆነው ተርጓሚው ነው፤ ድካሙንና የምሁርነት ስሙን አስይዟል። ዋስትናው ባይኖር ኖሮ ያ መንደር ከድንበሩ ባልተሻገረ ነበር። ነገር ግን ዓለም ያወቀው እንግሊዝኛውን ነው። ደራሲውም ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1969 በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ የወጣውን ልቦለዱን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ በአማርኛም ጻፈ። በር የሚከፍት ሰው በሩ በየት በኩል እንደሚከፈትም ይወስናል ማለት ነው።

የወላይታ ደራሲ ይህን ውሳኔ በሁለት እጥፍ ይጋፈጠዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ በዘመቻው ሂደት ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይታ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ አባት በአንድ ፊደል፣ ልጅ በሌላ ፊደል ያነባል። ደራሲው በወላይታ ቋንቋ ቢጽፍ አንባቢው ጥቂት፣ አሳታሚው ከዚያም ያነሰ ይሆንበታል፤ በአማርኛ ቢጽፍ ሰፊ አንባቢ ያገኛል፤ ነገር ግን የአያቱን ንግግር በሌላ አፍ ያናግራል። ሁለቱም መንገዶች የተከበሩ ናቸው። የሚያሳፍረው ምርጫው ከደራሲው እጅ ወጥቶ በአሳላፊው እጅ ሲገባ ነው።

መጽሐፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሲዘጋጅ ምን እንደሚከተል የሶዶ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተዋሕደው «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ነበር። በኅዳር 1992 ዓ.ም. የሶዶ መምህራን፣ ተማሪዎችና ነዋሪዎች «ይህ ቋንቋችን አይደለም» ብለው ተነሡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የመማሪያ መጽሐፍና ልቦለድ አንድ እንዳልሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መርሑ አንድ ነው። ስለ ሌላው የሚናገር ሰው ከሌላው ውክልና ካልተቀበለ ንግግሩ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን ቅሚያ ነው። ሰው ስለ ፊደልና ስለ ቃል ሕይወቱን እስከ መስጠት ከደረሰ፣ የመጽሐፍ ጉዳይ ለዚያ ሕዝብ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ለሁለተኛው ተቃውሞ የምንሰጠው መልስ ሦስተኛውን ሰው ማባረር አይደለም፤ የሥልጣኑን ወሰን ማስመር ነው። ዋስ ስለ ዕዳው ይጠየቃል እንጂ በዋስትና የያዘውን ሰው አይገዛም። ምዕራፉ ረዝሟል፣ ይህ ገጸ ባሕርይ ሳይገለጽ ቀርቷል፣ ጅማሮው አንባቢን አይዝም ማለት የዋሱ መብት ነው፤ ደራሲውም በትሕትና ሊሰማው ይገባል። ሴትዮዋ እንሰት የምትፍቅበትን ገጽ አውጣው፣ የከተማ አንባቢ አይገባውም፤ የሰውየውን ስም ለውጠው፣ ለአፍ ይከብዳል ማለት ግን ከዋስትና ወደ ጌትነት መሻገር ነው። የመጀመሪያው ምክር ሥራውን የበለጠ ራሱን ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ሌላ ያደርገዋል። አዲስ ደራሲ ይህንን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊያውቅ ይገባዋል፤ የመጀመሪያ መጽሐፍ ረሃብ ብርቱ ነውና ብዙ ነገር ያስፈርማል።

ዋስ ማጣት እስከ ምን እንደሚያደርስ የሥነ ጽሑፋችን ታሪክ መራራ ምስክር አለው። በዓሉ ግርማ አዲስ ደራሲ አልነበረም፤ ታዋቂ ነበር። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በመንግሥት አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉን ያሳተመው ተቋም ለደራሲው ዋስ ሊሆነው አልቻለም፤ ተቋሙ ራሱ ዋስ አልነበረውምና። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ትርጉም በሎንዶንና በኒው ዮርክ ታትሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። ሁለት ተርጓሚዎች፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ለሌለ ሰው ዋስ ሆኑ። ይህ ያስደስታል፤ ያሳዝናልም። ዋስ መገኘት ያለበት ሰውየው ሳለ ነውና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከእኩልነት አንጻር ይነሣል። ወኪል ቢኖርም የሚኖረው በዋና ከተማ ነው፤ የሚያነበውም የሚያውቀውን ነው፤ ስለዚህ የአረካው መምህር ከደጅ መቆሙ አይቀርም የሚል ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ የወላይታን ልቦለድ አንብቦ የማያውቅ አሳታሚ የወላይታ ልቦለድ አይጎድለውም። ይህ ተቃውሞ ልክ ነው። ነገር ግን የሚያረጋግጠው ወኪል አለማስፈለጉን ሳይሆን ዋስትና ከዋና ከተማ መጀመር እንደማይገባው ነው። ዋስ የሚጠራው ከጎረቤት ነው፤ ሰውየውን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነውና።

በዚህ አኳያ ሲታይ ሶዶ ባዶ እጇን አይደለችም። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን ያሉት ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የኤፍ ኤም ራዲዮ ጣቢያዎች አሏት፤ የባህል ጽሕፈት ቤቶች አሏት፤ የካዎ ጦናንና የ1887ቱን ጦርነት፣ የሞቶሎሚን ተረክ በቃል የሚያወርሱ ሽማግሌዎች አሏት። የጎደለው ሰው አይደለም፤ ሰው ለሰው ዋስ የሚሆንበት ልማድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ፣ ያንን ታላቅ መጽሐፍ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጭምር ያደረሰው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ነበር። ተዋናዩ ጉሮሮውን ለደራሲው አዋሰ። ያ የመጽሐፍ ውክልና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በሶዶ የራዲዮ ጣቢያ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ያልታተመ ረቂቅ ቢነበብ ወጪው አነስተኛ ነው፤ ትርፉ ግን ለደራሲው አንባቢ፣ ለአሳታሚው ማስረጃ፣ ለሕዝቡም የራሱ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ኃላፊነቱን በየድርሻው እናስቀምጠው። ካድሬው ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር፣ ዋስ መሆንና ፈቃጅ መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በርን በመክፈትና በመዝጋት ሥልጣን የለመደ ሰው መጽሐፍ ሲቀርብለት «ለእኛ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ከእርሱ የሚጠበቀው ግን የስብሰባ አዳራሹን ለንባብ መልቀቅ፣ የቤተ መጻሕፍት በጀት ውስጥ የአካባቢ ደራስያንን መጻሕፍት መግዣ ማስገባትና ከዚያ በኋላ ከደራሲው ትከሻ ላይ እጁን ማንሣት ነው። የራሱን ውዳሴ የሚፈልግ ሰው ዋስ ሊሆን አይችልም፤ ከወዲሁ ዋጋውን ተቀብሏልና።

መምህሩ ከሁሉ የቀረበ ዋስ ነው። የተማሪውንና የባልደረባውን ረቂቅ ማንበብ ጊዜ ይጠይቃል፤ በቅንነት ማረም ደግሞ ወዳጅነትን ሊያስከፍል ይችላል። ነገር ግን «ግሩም ነው» ብሎ ሳያነቡ መመለስ የሐሰት ዋስትና ነው፤ ደራሲውን በአሳታሚው ፊት ያዋርደዋል። «ይህ ገና ነው፤ እዚህና እዚህ ላይ ሥራበት» የሚል መምህር ግን፣ ባይወደድም፣ ስሙን አስይዟል። ከያኒውስ? ስሙ የታወቀለት ደራሲ፣ ገጣሚ፣ ተዋናይ በአሳታሚ ቤት የሚከበርበት ወንበር አለው። ያ ወንበር የእርሱ ብቻ አይደለም። ከእርሱ በፊት አንድ ሰው አንሥቶ ያስቀመጠው ወንበር ነው። በዓመት አንድ የማያውቀውን ሰው ረቂቅ አንብቦ፣ ካመነበት በስሙ ደብዳቤ ጽፎ ቢልክ፣ ሥነ ጽሑፋችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ደራሲው ራሱም ከግዴታ ነጻ አይደለም። ዋስ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ ዋስትና የሚገባው ሰው መሆን አለበት። ረቂቁን ሦስትና አራት ጊዜ ጽፎ፣ በራሱ ቀዬ ላሉ ሰዎች አንብቦ፣ የፊደል ግድፈቱን ለቅሞ ይምጣ። የታሪኩን አጽመ ነገር በአንድ ገጽ መግለጽ ይልመድ፤ ያን ያልቻለ ሰው ታሪኩን ገና አላገኘው ይሆናልና። የአንድ ሰው እምቢታ የሁሉ ሰው ፍርድ እንዳይመስለው፤ አቼቤንም እምቢ ያሉት ነበሩ። ከማንም ጋር የሚገባውን ስምምነት በጽሑፍ ያድርግ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ስለዚህ በአንድ ፊርማ የሚለቀው የአንድ እትም ዋጋ ብቻ ሳይሆን የልጆቹም ንብረት ሊሆን ይችላል። እና ተስፋን ብቻ ለሚሸጥ ሰው ገንዘብ አይክፈል።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ በደራሲና በአንባቢ መካከል ሦስተኛ ሰው መኖሩ የሚያሳፍር አይደለም። ሰው ያለ ሰው ምስክርነት የታወቀበት ዘመን የለም፤ የሚያሳፍረው ሳይነበቡ መመለስ፣ ሳያነቡም መመስከር ነው። በአገራችን የደራሲ ወኪል የሚባል ሙያ ነገ ሊስፋፋ ይችላል፤ ቢስፋፋ መልካም ነው። ዕውቀቱን ከሎንዶን መዋስ ይቻላል፤ የውሉን መልክና የመቶኛውን ልክ መቅዳትም ይቻላል። ስሙን አስይዞ «ይህን መጽሐፍ እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ግን ከውጭ አይመጣም። እርሱ ከዳሞታ ግርጌ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከራዲዮ ጣቢያውና ከባህል አዳራሹ መነሣት አለበት። የአረካው መምህር ረቂቁን በፌስታል ይዞ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት፣ በሶዶ ቢያንስ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ይሁን።